ስለ እትዬ ጨርቁ ኅልፈት እና በስቱኮ ስለ ደፈንነው አንገት

ከቅርጻ ቅርጽ ትምህርት ቤቱ የመምህራን ጉባኤ ለሠራተኞች፣ ለተማሪዎች፣ ለቀድሞ ተማሪዎችና ለሕዝብ የተሰጠ መግለጫ

የትምህርት ቤታችን አንጋፋ ቀራፂና መምህርት፣ በተማሪዎቻቸው አንደበት «እትዬ ጨርቁ» እየተባሉ የሚጠሩት ባልደረባችን፣ በሕክምና ሲረዱ በቆዩበት ሆስፒታል ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም ቤተሰባቸው፣ ወዳጆቻቸውና በየዘመኑ ያስተማሯቸው ልጆች በተገኙበት ተፈጽሟል። ትምህርት ቤታችን በባልደረባችን ኅልፈት የተሰማውን ጥልቅ ሐዘን ይገልጻል። ከሐዘኑ እኩል፣ እውነቱን ለመናገር ከሐዘኑም ቀድሞ፣ የተሰማውን ሀፍረት ይገልጻል።

ይህ መግለጫ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ከቀብሩ በኋላ ተዘጋጅቶ፣ የሕይወት ታሪካቸው እንዳይዛባ በሚል፣ ማኅተም ከመመታቱ በፊት ለብቸኛ ልጃቸው እንዲታይ ተልኮ ነበር። «የመጨረሻ ሥራቸውንም ከባልደረቦቻቸው ጋር በመተባበር ለፍጻሜ አብቅተዋል» የሚል ነበረበት። «በትምህርት ቤታቸው ፍቅርና አድናቆት እንደ ተከበቡ» የሚልም ነበረበት። ልጃቸው ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠሩ ባለሙያ ናቸው፤ ከእናታቸው ጀሶ ማቡካት ወርሰዋል፣ ነገር ማለሳለስ ግን አልወረሱም። ወረቀቱን ባደረሰላቸው ሰው እጅ መልሰው ሰደዱት። «ይሄም ስቱኮ ነው፤ ፍቃችሁ አምጡት» ብለዋል። ስቱኮ፣ ለማያውቀው፣ ግድግዳ ከመቀባቱ በፊት ስንጥቅና ቀዳዳ የሚደፈንበት ነጭ ልስን ነው። እነሆ ፍቀን አመጣነው። ሸካራ ሆኖ ያገኘው አንባቢ ይቻለን፤ ይቅርታ የምንጠይቅበት ሌላ ጉዳይ አለን።

እትዬ ጨርቁ ትምህርት ቤቱ በተከፈተ ሰሞን ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዷ ሆነው ገቡ፤ ከዚያም እዚያው አስተማሪ ሆነው ቀሩ። ቅጽል ስማቸውን ያወጣላቸው ሥራቸው ነው። ጭቃ ሰው ሆኖ እስኪያልቅ ድረስ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ መዋልና ማደር አለበት። ጨርቁ ከደረቀ ጭቃው ይሰነጠቃል፣ አፍንጫና ጣት ይረግፋል፣ የወር ልፋት ገደል ይገባል። ባልደረባችን ይህን ሲያሳስቡ በየወርክሾፑ በር ብቅ እያሉ «ጨርቁ! ጨርቁ ደረቀ እኮ፣ እናንተ ልጆች!» ይሉ ነበር። በእሑድና በበዓል ቀን ሳይቀር የተማሪዎችን ጭቃ ሊያረጥቡ ባልዲ ይዘው ሲዞሩ ያላያቸው የለም። «እሑድ እንኳ ረፍ አይሉም?» ሲባሉ «ጭቃው መች አረፈ?» ይላሉ።

በማስተማር ረገድ ጥብቅና ግልጽ ነበሩ። የተማሪን ሥራ ሲያዩ መጀመሪያ በመዳፋቸው ይዳብሱታል። የተቀረጸው ፊት ከለሰለሰባቸው «ይሄ ሰው እንቅልፍ አጥቶ አያውቅም እንዴ? ልጅ አልታመመበትም?» ይላሉ። ፊቱ ያለ ልክ ከከፋባቸው ደግሞ «ምን በደለህ?» ይላሉ። ሰውን ስትሠሩ አትደልሉት፣ አታዋርዱትም፣ ሁለቱም ስንፍና ነው የሚለው ትምህርታቸው ከእኛ ከብዙዎቻችን አፍ አይጠፋም። ከአፋችን አልጠፋም ማለታችን ነው። ከእጃችን ግን ጠፍቷል፤ ወደዚያው እየሄድን ነው።

ካበረከቷቸው በርካታ ሥራዎች ጥቂቶቹ የሚከተሉት ናቸው።

ማስተማር በጀመሩ በሦስተኛው ዓመት «ሳፋ» የተባለውን ሥራቸውን ለእይታ አቀረቡ። አንዲት ከሥራ የተመለሰች የጽዳት ሠራተኛ እግሯን ሳፋ ውስጥ ነክራ፣ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጥላ ዓይኗን ጨፍናለች። ቁርጭምጭሚቷ አብጧል። አፏ በትንሹ ተከፍቷል። ሥራውን የተቹ ሰዎች «ፊቷ ላይ ያለው ደስታ ነው ወይስ ድካም?» ብለው በጠየቋቸው ጊዜ «እግራችሁን ነክራችሁ እዩትና እናንተው ንገሩኝ» ብለዋል።

አዲሱ ሕንጻ በተመረቀበት ዓመት «ዳኛው በፒጃማ» የተባለው ሥራቸው ቀረበ። በዘመኑ ስሙ ሲጠራ ጠበቃ የሚያንቀጠቅጥ የነበረ አንድ ጡረተኛ ዳኛ፣ በፒጃማ የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ በመዳፉ የያዘውን ኪኒን የትኛው የጠዋት የትኛው የማታ እንደሆነ ለማወቅ ይታገላል። ሥራው ቅሬታ አስነሥቶ ነበር። ዳኛው ራሳቸው ግን ሥራው እንዲቀመጥ ፈቅደው፣ በየዓመቱ እየመጡ ከጎኑ ቆመው «ዘንድሮስ ማን ይብሳል?» እያሉ እስኪያልፉ ድረስ ሲስቁበት ኖረዋል። እትዬ ጨርቁ ማንንም ሳያስፈቅዱ ቀርጸው አያውቁም። አንገት ከመንካታቸው በፊት እንኳ «ልያዝዎት?» ብለው ይጠይቃሉ።

እናታቸውን ባስታመሙባቸው ዓመታት «ማንሣት» የተባለውን ሥራ ሠሩ። አንድ ጎልማሳ አሮጊት እናቱን ከአልጋ ያነሣል። የእናትየው ክንድ በአንገቱ ላይ ተጠምጥሟል፤ እግሯ መሬት ሊነካ ሲል ጣቶቿ ፈርተው ተኮራምተዋል። ተማሪዎች የሰው ክብደት በወገብ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ እንዲገባቸው ብለው ክፍሉን በሙሉ እርስ በርስ አሸካክመዋል። አንድ መምህር አብሮ ሲሞክር ወገቡን ተይዞ ሳምንት ከሥራ ቀርቷል። ይህ መምህር ዛሬ የጉባኤያችን ሰብሳቢ ሲሆን፣ በዚህ መግለጫ እንዲጠቀስለት ራሱ ጠይቋል።

ከእነዚህ ሥራዎች በተጨማሪ እትዬ ጨርቁ የትምህርት ቤቱን አንድ የቆየ ልማድ በአደራ ይዘው ኖረዋል። ከመምህራኑ አንዱ ሲሞት፣ ከቀብሩ በፊት ባልደረቦቹ ቤቱ ሄደው የቀኝ እጁን ቅርጽ በጀሶ ያወጣሉ። የጀሶው እጅ በዋናው ኮሪደር ግድግዳ ላይ በምስማር ይሰቀላል። ስም አይጻፍበትም፤ አብሮት የሠራ ሰው እጁን አይቶ ያውቀዋልና። እትዬ ጨርቁ የሟቹን እጅ በሳሙና አጥበው፣ ቫዝሊን ቀብተው፣ ጀሶውን ከማፍሰሳቸው በፊት ጎንበስ ብለው «ትንሽ ይቀዘቅዝሃል፤ ቻለው ወንድሜ» ይሉ ነበር። ከወጣው ቅርጽ ላይ ምንም ነገር አያርሙም። የአየር አረፋ የተወችው ቀዳዳ ብትኖር ትኑር ባይ ናቸው። ከግድግዳው ጫፍ ላይም የራሳቸውን ምስማር ራሳቸው መትተዋል፤ ከሌሎቹ ሁሉ ዝቅ አድርገው። ለምን ቢባሉ፣ «በቁሜ አጭር ነኝ፤ ሞቼ ደግሞ ማን አንጋጦ ያየኛል?» ብለው ሳቁ።

የመጨረሻው ሥራቸው የትምህርት ቤቱ መሥራችና የመጀመሪያ ርዕሰ መምህር ሐውልት ነው፤ በጀሶ ተመርቆ ኋላ በነሐስ እንዲሠራ ታቅዶ ነበር። እኚህ ሰው የሁሉንም ክፍል ቁልፍ በአንድ ትልቅ ቀለበት ሰክተው ወገባቸው ላይ እያንሿሹ ይዞሩ ስለነበር ጋሽ ቁልፍ ተብለዋል። በደጉ ዘመናቸው የቁልፋቸውን ድምፅ ከሩቅ የሰማ ተማሪ ሲጋራውን ይውጣል ይባል ነበር። ዛሬ ዕድሜያቸው ገፍቷል። በከዘራ ነው የሚሄዱት። ቁልፎቹን ካስረከቡ ቆይተዋል፤ ባዶውን ቀለበት ግን አሁንም ወገባቸው ላይ ያንጠለጥሉታል።

እትዬ ጨርቁ ሥራውን ሲቀበሉ አንድ ቃል አስገቡን፤ እሳቸው በሌሉበት ሐውልቱን ማንም እንዳይነካው። እሺ አልን። አፋችን እሺ ለማለት መቼ ሰንፎ ያውቃል!

ጋሽ ቁልፍ ክረምቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ወደ ወርክሾፑ እየመጡ ተቀመጡላቸው። «ጋሼ፣ አንገትዎን ልያዝ?» ሲሏቸው «ያዢው እንግዲህ፤ ድሮ ማን ይደፍረው ነበር!» ይሏቸው ነበር። የእትዬ ጨርቁ ጣቶች በዚያን ጊዜ በቁርጥማት ተጣመው ስለነበር ጭቃውን በመዳፋቸው ነበር የሚገፉት። የተሠራው ሰው ከወንበሩ ብድግ ሊል ጀምሮ አልጨረሰም። ግራ እጁ የወንበሩን ክንድ ጨብጧል። ቀኝ እጁ ደግፎ የሚያነሣው ሰው ፍለጋ ወደ ፊት ተዘርግቷል፤ ጅማቶቹ ተገታትረዋል። የአንገቱ ቆዳ ታጥፏል። የአንድ ጫማው ክር ተፈቷል። ፊቱ ግን አሁንም ማዘዝ የለመደ ሰው ፊት ነው። ጋሽ ቁልፍ ጭቃው ሲያልቅ በከዘራቸው ተደግፈው ዙሪያውን እየዞሩ አዩት። ከዚያ «እንዲህ ነው የምነሣው፤ ሌላ አነሣሥ የለኝም። ደህና አድርገሽ ያዝሽኝ» አሏቸው።

የጭቃው ቅርጽ በቅርጽ ማውጫ ወደ ጀሶ ከተገለበጠ በኋላ፣ ሐውልቱ እየደረቀ ሳለ፣ ባልደረባችን ታመው ሆስፒታል ገቡ።

ቀጥሎ የተደረገው ይህ ነው። የቦርዱ አባላት ከምረቃው በፊት ሐውልቱን ሊጎበኙ መጡ፤ እኛም አብረን ዞርን። አንድ የቦርድ አባል «ሰውዬው ሊወድቅ ነው እንዴ?» አለ። ሌላው «ያ ሁሉ እንግዳ ሲመጣ መሥራቻችንን እንዲህ ሲንጠራወዙ እናሳይ?» አለ። ከእኛ መካከል አንድ ሰው «ኧረ ተዉ፣ የሰው ሥራ ነው!» ቢል ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር። ያለ የለም። ሁላችንም ጋሽ ቁልፍን እንወዳቸዋለን፤ ለክብራቸው የተቆረቆርን መሰለን። ቤታቸው ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ ነው። መንገዱን ተሻግሮ «ጋሼ፣ ምን ይላሉ?» ብሎ የጠየቃቸው አንድ ሰው አልነበረም። ይልቁንስ ኮሚቴ ተቋቋመ። ስሙም «የገጽታ ማስተካከያ ኮሚቴ» ተባለ።

ከቅርጽ ማውጫው የወጣ ጀሶ ሁሉ ጥቂት መጠጋገን ይፈልጋል። ጠርዙ ይሸረፋል፣ አረፋ ቀዳዳ ይተዋል። ይህ የሙያችን የዕለት ሥራ ነው፤ ስለዚህም «መጠጋገን ነው» ተባባልን። ሌላ ሙያ ቢኖረን ምናልባት ለመንካት እንፈራ ነበር። የአንገቱ እጥፋት በስቱኮ ተደፈነ። ከዓይኑ ሥር ያለው ጎድጓዳ ተሞላ። የጫማው ክር ታሰረ። የተዘረጋው እጅ ጅማቶች ጎልተው የወጡ ስለሆኑ ስቱኮ አልሸፈናቸውም፤ እነሱ በብርጭቆ ወረቀት ተፈገፈጉ፣ ጠፉ። በላዩ ነሐስ የሚመስል ቀለም ተቀባ። አሳፋሪው ነገር ሥራው ጥሩ ሆኖ መውጣቱ ነው። የተደፈነበት ቦታ ጨርሶ አይለይም። ራቅ ብለን እያየን «እጅህ ይባረክ» ተባብለናል። ሊያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይህ ነው፤ ለዚያውም የተመላለጥነው በሰው ገላ ላይ ነው።

በምረቃው ቀን እትዬ ጨርቁ ከሆስፒታል ፈቃድ ተሰጥቷቸው፣ በተሽከርካሪ ወንበር፣ በልጃቸው እየተገፉ መጡ። ጋሽ ቁልፍ ከፊት ተቀምጠዋል። መጋረጃው ተገለጠ፤ ተጨበጨበ። ጋሽ ቁልፍ መነጽራቸውን አድርገው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሥተው፣ ቀረብ ብለው አዩት። ከዚያ በዚያ በምናውቀው የትእዛዝ ድምፃቸው «ይሄ ጎረምሳ ማነው?» አሉ።

«እርስዎ ነዎት እኮ፣ ጋሼ!» ተባሉ።

«እኔ? እኔ የወለድኳቸው ሴቶች ናቸው፤ ይሄንን ከየት አመጣችሁት?»

የመግቢያው አዳራሽ በሳቅ ተናጋ። ቀልድ መስሎን ነው። እትዬ ጨርቁ አልሳቁም። ልጃቸውን «አስጠጊኝ» አሏቸው። የተጣመመ እጃቸውን አንሥተው የሐውልቱን ቀኝ እጅ ከአንጓው እስከ ጣቱ ዳበሱት። አንገቱን ሊነኩ ፈልገው አልደረሱበትም። የሚጮኹብን መስሎን ነበር፤ ቢጮኹብን ደግ ነበር። ወደ እኛ ዞረውም አላዩ። ወደ ጋሽ ቁልፍ ዞረው «ይቅርታ ጋሼ፤ እኔ አልነበርኩም» አሉ። ቀጥሎ በፕሮግራሙ መሠረት የምስጋና የምስክር ወረቀት ሰጠናቸውና አብረን ፎቶግራፍ ተነሣን። ፎቶግራፉ በጽሕፈት ቤቱ አለ። የሁላችንም ጥርስ ይታያል።

ከዚያ ወዲያ ዓይናችንን በጨው አጥበን ሆስፒታል ልንጠይቃቸው ተመላለስን። ቂማቸውን አላሳዩንም። «ሁለተኛ ዓመቶቹ ጨርቁን ያረጥባሉ?» ብለው ጠየቁ፤ «ያረጥባሉ» አልን። ደስ አላቸው። ስለ ሐውልቱ አንዲት ቃል አልተነፈሱም፤ እኛም ትንፍሽ አላልንም። ሲሻላቸው እንነግራቸዋለን፣ ዛሬ ደክሟቸዋል፣ በሚቀጥለው ስንመጣ እናነሣዋለን ስንል አልተሻላቸውም። ይቅርታችንን ሳይሰሙ ሄዱ። አሁን ይህን ደጋግመን ስናነሣ የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ የሚለን ይኖራል። ይበለን።

ባረፉ ዕለት፣ አስከሬናቸው ከሆስፒታል ወደ ቤት ከገባ በኋላ፣ ከመካከላችን የተመረጡ መምህራን እንደ ልማዳችን ጀሶና ቫዝሊን ይዘው ለቀስተኛውን አቋርጠው ገቡ። ልጃቸው የመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆሙ። ያቺ ልጅ በዚያ ኮሪደር እየሮጠች ያደገች ናት፤ የያዝነው ምን እንደሆነ ጠፍቷት አይደለም። ምንድነው ብላ ጠየቀችን። (ከልጅነቷ የምናውቃት ስለሆነች እዚህ ላይ አንቱታው አልመጣልንም፤ ትታገሠን።)

«ለእጃቸው ነው… እንደ ልማዱ» አልናት።

«የእናቴን እጅ ለእናንተ አልሰጥም» አለች። «ታሳምሩታላችሁ።»

ለቅሶ ቤት ውስጥ ብዙ ነገር ይባላል፤ ሰው አዝኖ ነው ተብሎ ይታለፋል። ይህን ማለፍ አልቻልንም። ጀሶውን እንደ ያዝን ተመልሰን ወጣን። በኋላ እንደ ተረዳነው፣ ልጃቸው ለጥርስ ሥራ በሚጠቀሙበት በደቃቁ ጀሶ የእናታቸውን ቀኝ እጅ እኛ ሳንመጣ ራሳቸው አውጥተው ነበር። ቅርጹን በፎጣ ጠቅልለው ቤታቸው አስቀምጠውታል። ኮሪደሩ ላይ፣ በዝቅታ የተመታው ምስማር ባዶ ነው። ትምህርት ቤቱ ካለው ሁሉ ያን እጅ እዚያ ምስማር ላይ ከማየት የሚበልጥበት የለም፤ ጉባኤያችንም ይህንኑ በአንድ ድምፅ አጽድቋል፣ ማጽደቃችን እጁን የሚያመጣው ይመስል።

ልጃቸውን እንዲያማልዱልን ጋሽ ቁልፍን ላክን። እሳቸው ሄደው ብዙ ቆይተው ተመለሱ። የተሰጣቸው መልስ ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ እርስዎ ያንን ሐውልት አይተው ‹ይሄ እኔ ነኝ› ያሉ ቀን የእናቴን እጅ ይዤ እመጣለሁ። በዚያ ቀን ምስማሩ ላይ ራሴ እሰቅለዋለሁ።» ጋሽ ቁልፍ መልሱን ሲነግሩን «እንደ እኔ ከሆነ ትክክለኛ ፍርድ ነው» ብለው አከሉበት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስቱኮው እየተፋቀ ነው። ልጃቸው መሮ እንዳናስነካው አስጠንቅቀው ጥርስ የሚፋቅባቸውን ቀጫጭን መሣሪያዎች ልከውልናል። የገጽታ ማስተካከያ ኮሚቴው አባላት ተንበርክከው ይፍቃሉ። የቦርድ አባል ሲመጣ መፋቂያ ይሰጠዋል። ጋሽ ቁልፍ ወንበር አስመጥተው ከሐውልቱ ጎን እየተቀመጡ፣ አንገታቸውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ቀና አድርገው ያሳዩናል። «ወዲህ ነው እጥፋቱ። ኧረ ቀስ፣ አንተ ሰውዬ፣ ጉሮሮዬ ነው!» ይላሉ። «ይቺኛዋ መስመር ዘንድሮ የመጣች ናት፤ እሷን እንዳትጨምሩብኝ።»

ባለፈው ዓርብ አንገቱ ሙሉ በሙሉ ተከፈተ። ከስቱኮው ሥር፣ በእጥፋቶቹ መካከል፣ የእትዬ ጨርቁ መዳፍ ጭቃውን የገፋበት መስመር ሳይነካ ወጣ። ከመካከላችን ሥራውን አቁሞ ወደ ውጭ የወጣ አለ። ጋሽ ቁልፍ በጣታቸው ዳሰሱትና «አዎ፣ ይሄ አንገት የኔ ነው» አሉ። ዓይናቸውን ወደ ተዘረጋው እጅ መለሱ። አዩት፣ የራሳቸውንም እጅ አጠገቡ ዘርግተው አዩ።

«እጁ ግን የማንም አይደለም» አሉ።

የአንገቱን ደፍነነው ስለነበር ሲፋቅ ተገኘ። የእጁን ፈግፍገነዋል፤ ከሥሩ የሚወጣ ነገር የለም። ቅርጽ ማውጫው ሐውልቱ ሲወጣ ተሰብሯል፤ ሁልጊዜም ይሰበራል። ጭቃው ወደ በርሜሉ ተመልሶ ተማሪዎች ሌላ ነገር ሠርተውበታል። ጋሽ ቁልፍ በሕይወት ስላሉ ጅማቶቹን እሳቸውን እያየን መልሰን እንሥራቸው የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። የእትዬ ጨርቁ ልጅ ይህን ሲሰሙ «ያማ የእናንተ እጅ ነው የሚሆነው፤ እናቴ እዚያ የለችም» ብለዋል። ሐሳቡ ተትቷል።

ጋሽ ቁልፍ መቼም ደግ ሰው ናቸው። በዚያው ዓርብ፣ ሁላችንም አንገታችንን ደፍተን ስናያቸው ሆዳቸው ባባ። «ምን ቸገረኝ፣ ልበላት? እኔ ነኝ ብላት ማን ይከራከረኛል? እጁን ታምጣላችሁና ተገላገሉ» አሉን።

ወዲያው አልመለስንላቸውም። ዝም ብለን ምስማሩን አሰብን፤ እጁ ተሰቅሎ፣ ነገሩ ሁሉ አልፎ፣ እኛም ቀና ብለን በኮሪደሩ ስንሄድ ታየን። ጋሽ ቁልፍ መልሳችንን እየጠበቁ ፊታችንን በተራ ያያሉ። ከሁሉም የሚያሳፍረን ያ ዝምታ ነው። ከዚያ ሰብሳቢያችን «ተዉ ጋሼ፤ አይበሏት» አለ። ሌሎቻችንም «አይበሏት» አልን። የመጀመሪያው ጉብኝት ላይ ልንለው ይገባ የነበረውን «ተዉ» ያልነው ያን ዕለት ነው፤ የሚሰሙት ባልደረባችን በሌሉበት።

በመሆኑም ሐውልቱ በነሐስ እንዲሠራ የወጣው ዕቅድ ተሰርዟል። ሐውልቱ አንገቱ ተከፍቶ፣ የጫማው ክር ተፈትቶ፣ እጁ እንደ ተፈገፈገ በመግቢያው ይቆማል። «እጁ ምን ሆኖ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ ቢኖር፣ በቅርብ የተገኘ መምህር እኛ እንዳደረግነው ይንገረው። እትዬ ጨርቁ ሲያስተምሩባቸው የነበሩ ወርክሾፖች ትምህርታቸው አልተቋረጠም፤ ጨርቅ የማርጠቡ ተራ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ የመምህራን ሆኗል፣ እሑድንም ይጨምራል።

ለልጃቸው፣ እናትዎን ስላጡ እናዝናለን፤ እኛ ለሐዘንዎ ማጽናኛ መሆን ሲገባን ሌላ ሐዘን ሆነንብዎታል። የእናትዎን እጅ ስለ ከለከሉን አንቀየምም። ያወጡትን ቅርጽ ከጉዳት የጠበቁት ከእኛ ነው፤ ልክ ነዎት። ለጋሽ ቁልፍ፣ ሳንጠይቅዎት፣ ያከበርንዎት መስሎን ስላስጎረመስንዎት ይቅር ይበሉን። ለተማሪዎቻቸው፣ ስላስተማሯችሁ ሴትዮ የምትጠይቁን ካለ በራችን ክፍት ነው፤ ለስላሳ መልስ ግን አትጠብቁ። እትዬ ጨርቁ፣ አፈሩ ይቅለልዎት።

በመጨረሻም፣ በዋናው ኮሪደር ጫፍ ላይ ከሌሎቹ ዝቅ ብሎ የተመታው ምስማር በቦታው ይቆያል። ባዶ ነው ተብሎ ኮት፣ ጃንጥላም ሆነ ቁልፍ እንዳይሰቀልበት ሠራተኞችንና ተማሪዎችን በአክብሮት እናሳስባለን።

የትምህርት ቤቱ የመምህራን ጉባኤ